ሰው የምትፈራ አራስ ድመትና የግልገሎቿ አያያዝ

ባገራችን ክፉኛ የተቆጣ ሰው ሲታይ «እንደ አራስ ነብር ሆነ» ይባላል። በከተማ ከምንኖረው መካከል አራስ ነብር በዓይኑ ያየ ሰው አይገኝ ይሆናል፤ አራስ ድመት ግን ሁላችንም እናውቃለን። በማገዶ ቤት፣ በኮርኒስና በጣራ መካከል፣ በተሰበሩ ወንበሮች ክምር ሥር ባለቤት የሌላት ድመት ትወልዳለች። የግልገሎቹ ድምፅ በተሰማ ማግስት የሚደረገው ነገር ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ዘበኛ ይጠራና በማዳበሪያ ከረጢት ተከተው ይጣላሉ፤ ወይም ርኅሩኅ የሆነ ተማሪ ወደ ክፍሉ ወስዶ የላም ወተት በማንኪያ ያጠጣቸዋል። የመጀመሪያው ለማጥፋት፣ ሁለተኛው ለማዳን የታሰበ ቢሆንም ሳምንት ሳይሞላ ግልገሎቹ በሁለቱም መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ሞተው ይገኛሉ። ይህች አጭር ሐተታ የተዘጋጀችው ከእነዚህ ከሁለቱ የተለየ አያያዝ መኖሩንና እርሱም ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ መሆኑን ለማስረዳት ነው።

ለጽሑፉ መነሻ የሆነን ባለፈው ኅዳር በተማሪዎች ማደሪያ ወጥ ቤት ጀርባ፣ በማገዶው ቤት ውስጥ፣ አንዲት ግራጫ ድመት አራት ግልገሎች መውለዷ ነው። የማገዶው ቤት በሁለት ሳምንት ውስጥ ተጠርጎ ሲሚንቶ እንዲቀመጥበት ታዝዞ ስለ ነበር ነገሩ ለክርክር ብቻ የሚተው አልሆነም። እኛም በየተራ እየጠበቅን ያየነውን በደብተር ጻፍን፤ የጻፍነውንም ሊቃውንት ካሳተሙት ጋር አስተያየነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የጥናት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ድመቲቱ ማን እንደ ሆነች ማወቅ ያስፈልጋል። ድሪስኮልና የሥራ ጓደኞቹ በ2007 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያወጡት የዘር ምርመራ እንዳስረዳው የዓለም የቤት ድመቶች ሁሉ የተገኙት ፌሊስ ሊቢካ ከሚባለው የአፍሪካና የቅርብ ምሥራቅ የዱር ድመት ነው። ይህ የዱር ድመት ዛሬም ባገራችን ይኖራል። በቆጵሮስ ደሴት ሺሉሮካምቦስ በተባለው ሥፍራ 9,500 ዓመት ያህል በሆነው መቃብር ውስጥ ድመት ከሰው አጠገብ ተቀብሮ መገኘቱም በ2004 ተገልጿል። እንግዲህ ወዳጅነቱ የቆየ ነው። ነገር ግን ሰው ውሻን ለአደንና ለጥበቃ እየመረጠ ሲያራባው ድመት ወደ ጎተራው የመጣችው አይጥ ፍለጋ በገዛ ፈቃዷ ነው፤ የቀረችውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሰውን መልመድ ከእናት ወደ ልጅ እንደ ፀጉር ቀለም አይወረስም። እያንዳንዱ ግልገል በተወለደ በጥቂት ሳምንቶች ውስጥ የሰውን እጅና ድምፅ መማር አለበት። ይህን ሳይማር ያደገ ድመት፣ በከተማ መካከል ቢወለድም፣ ሰውን የሚያየው ሚዳቋ ነብርን በምታይበት ዓይን ነው። «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት ስለ አደን የተነገረ ከሆነ እውነትነት አለው፤ ስለ ሰው ፍርሃት ከሆነ ግን ዐመሉ የሚተከለው በሕፃንነት ወራት ነው።

ስለዚህ በማገዶ ክምር ውስጥ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጣጥፋ፣ የዓይኗን ብሌን አስፍታ «ህስስ» የምትል እናት ክፉ አይደለችም፤ ፈርታለች። የፈራ እንስሳ መጀመሪያ የሚመርጠው መሸሽን ነው፤ መሸሽ ካልሆነለት ይደበቃል፤ ሁለቱም ሲዘጉበት ይዋጋል። አራስ ድመት ልጆቿን ጥላ መሸሽ ስለሚያስጨንቃት ከሌላው ጊዜ ይልቅ ወደ ጠቡ ትቀርባለች። ሰው ወደ ኋላ ሲመለስ ግን ተከትላ አትመጣም። ይህን በጣም ማስተዋል ይገባል፤ ምክንያቱም ባገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ገና ያልጠፋ በመሆኑና ድመትም በዚሁ በሽታ ስለምትያዝ በአራስ ድመት ቁጣና በበሽታው መካከል ያለው ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ነው። ሳይነኳት ወደ ሰው የምትሮጥ፣ ለሐጭዋ የሚዝረበረብ፣ ስትራመድ የምትንገዳገድ፣ መዋጥ ያቃታት ድመት ብትታይ ማንም እንዳይጠጋት አድርጎ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ነው። በዓይን ብቻ አይቶ «ጤነኛ ናት» ብሎ መፍረድ ስለማይቻልም ጤነኛ መስላ የታየች ድመት እንኳ ብትነክስ ወይም ብትቧጭር ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት የሚሰጠው ክትባት ግን ያድናል። ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ የድመት ጭረት ለማሳየት እንደ ማፈር ይላሉ። ይህ አጉል ይሉኝታ ነው።

አሁን ወደ ግልገሎቹ እንመለስ። የድመት እርግዝና 63 ቀን ያህል፣ ሲበዛም ጥቂት ቀን ጨምሮ ይቆያል። ግልገል ሲወለድ የሚመዝነው ከ90 እስከ 110 ግራም ያህል ነው። ዓይኑ የተከደነ፣ የጆሮው ቀዳዳ የተዘጋ ሲሆን እናቱንና ጎጆውን የሚያውቀው በማሽተትና ሙቀትን በመከተል ነው። ኤዌር የተባሉት የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ በ1959 እንዳሳተሙት በጥቂት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ግልገል የየራሱን ጡት ይዞ እርሱኑ ደጋግሞ ይጠባል፤ በዚህም ወንድማማቾቹ በየጊዜው ከመጣላት ይድናሉ። እናቲቱ የእንግዴውን ልጅ የምትበላው አንዳንድ ሰው እንደሚያስበው ከጭካኔ የተነሣ አይደለም። ጎጆዋን ከሽታ ታጸዳለች፤ እርሷም በመጀመሪያው ቀን ሳትወጣ ለመቆየት የሚያስችላትን ምግብ ታገኝበታለች። በዚያው በመጀመሪያው ቀን የሚጠባው እንገር በሽታ የሚከላከሉ ነገሮች አሉበት፤ የግልገሉ አንጀት ደግሞ እነዚህን ወደ ደም ሊያሳልፍ የሚችለው ከተወለደ በኋላ ላሉት ጥቂት ሰዓቶች ብቻ ነው። ከእናቱ በዕለቱ የተነጠቀ ግልገል ወተት ቢያገኝ እንኳ ይህን አያገኝም።

ግልገልን ከሁሉ በፊት የሚገድለው ግን ብርድ ነው። የጎልማሳ ድመት የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሲሆን በመጀመሪያው ሳምንት የግልገል ሙቀት 35 ወይም 36 ያህል ብቻ ነው። መንቀጥቀጥ ስለማይችል የራሱን ሙቀት ማመንጨት አይሆንለትም፤ ከእናቱና ከወንድሞቹ ይበደራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተሠራች ከተማ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ የሚታወቅ ነው። የሰው ልጅ በጋቢና በብርድ ልብስ የሚያልፈውን ሌሊት ባዶ ሲሚንቶ ላይ የወደቀ ግልገል አያልፈውም።

ከዚህ የሚከተለው የመጀመሪያው ምክር ለብዙ ሰው የሚያስቸግር ምክር ነው፤ ይኸውም አለመንካት ነው። ለግልገሎቹ ከእናታቸው የሚበልጥ ሙቀት፣ ወተትና ንጽሕና በማንም ክፍል ውስጥ አይገኝም። ድምፅ ተሰምቶ እናት ባትታይ «ጥላቸው ሄደች» ማለት የተለመደ ነው። እርሷ ግን ምግብ ፍለጋ ሄዳ፣ ወይም ሰው ቆሞ ስላየች በሩቅ ሆና እየጠበቀች ይሆናል። ስለዚህ ራቅ ብሎ፣ ቢቻል በመስኮት፣ ለብዙ ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። ጠብቆ ለማየት ጊዜ የሌለው ሰው በጎጆው መግቢያ ላይ ጥቂት ዱቄት በስሱ ነስንሶ በኋላ የእግር ምልክት መኖሩን ማየት ይችላል። እኛም በዚህ መንገድ ድመቲቱ በሌሊት ከሦስት ጊዜ ያላነሰ እንደምትመላለስ ተረዳን። ከግልገሎቹም ሁኔታ ማወቅ ይቻላል። ሆዳቸው የሞላ፣ ተጠጋግተው ጸጥ ብለው የተኙ ከሆኑ እናት አላቸው። ቀዝቅዘው፣ ተበታትነው፣ ሳያቋርጡ የሚጮኹ ከሆኑ፣ ከዚያም ድምፃቸው እየደከመ ከሄደ ያን ጊዜ የሰው እርዳታ ያስፈልጋቸዋል።

«ሰው የነካውን ግልገል እናቱ አትቀበልም» የሚባለውን ብዙ ተማሪ ያምናል። ይህ ለድመት እውነት አይደለም፤ የሰው ሽታ ስላለበት ብቻ ልጇን የምትጥል ድመት የለችም ማለት ይቻላል። በእርግጥ የሚያስፈራት የሰው መመላለስ ነው። ጎጆዋ እንደ ታወቀባት ካመነች ግልገሎቹን አንድ በአንድ በማጅራታቸው አንጠልጥላ ወደ ሌላ ሥፍራ ታዛውራለች፤ የምታዛውርበትም ሥፍራ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው የከፋ፣ ዝናብ የሚገባበት ወይም መኪና የሚያልፍበት ይሆናል። «ድመት ልጆቿን ትበላለች» የሚባለውም አልፎ አልፎ የሚታይ ነገር ነው፤ የሚሆነውም ግልገሉ ሲሞት ወይም ሲታመም፣ ወይም እናቲቱ ያለ መጠን ስትሸበር ነው። ግልገሎችን የሚገድል ሌላ አለ፤ እርሱም ከሌላ ሠፈር የመጣ ወንዴ ድመት ነው።

በማደሪያችን የተነሣው ክርክር እንዲህ ነበር። ከፊሎቻችን አራቱንም ግልገሎች ባንድ ጊዜ ወስደን በጡጦ እናሳድግ አሉ። የቀሩት ደግሞ ምንም ሳይደረግ ይቆይ አሉ። በወጥ ቤቱ ብዙ ዘመን የሠሩት እትዬ ሁለቱንም ወገን ገሠጹ። «ልጆቼ፣ አራስ እንዲህ ይከበባል እንዴ? እናንተ እዚህ ቆማችሁ እርሷ እንዴት ትግባ? ይልቅስ የምትበላውን አምጡላት» አሉን። ሊቃውንቱን ካነበብን በኋላም የእትዬን ፍርድ የሚሽር ነገር አላገኘንም።

ምግብን በሚመለከት ነገሩ ሰፋ ያለ ነው። የምታጠባ ድመት ከሌላው ጊዜ ሁለት፣ ግልገሎቿ ሲበዙም ሦስት እጥፍ ያህል ምግብ ያስፈልጋታል። ድመት ያለ ሥጋ መኖር የማትችል እንስሳ ናት፤ ታውሪን የተባለውን ለልብና ለዓይን የሚያስፈልግ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን ስለማይሠራው ከእንስሳ ሥጋ ማግኘት አለባት፤ ከካሮትና ከጎመን የሚገኘውንም ቀለም እንደ ሰው ወደ ቫይታሚን ኤ መለወጥ አትችልም። ከማደሪያው ማዕድ የሚተርፈው እንጀራና ሽሮ ሆድ ይሞላ ይሆናል እንጂ ወተት አይሆንም። ከዚህም በላይ በወጥ ውስጥ ያለው ሽንኩርት፣ ቀይም ይሁን ነጭ፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ ደጋግማ ብትበላው በደም ማነስ ትታመማለች። ለጎረቤት ድመት የወጥ ትርፍራፊ መስጠት ደግነት መስሎ የሚታየን ሁሉ ይህን ብናውቅ መልካም ነው።

የእኛዪቱ ድመት የወለደችው የገና ጾም በሚያዝበት ሰሞን ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ ብዙው ተማሪ ስለሚጾም የሥጋ ትርፍራፊ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ድመቶች መክሳታቸውም በግልጽ ይታያል። ስለዚህ ከሥጋ ቤት ሳንባና ጉበት በትንሽ ገንዘብ እየገዛን፣ ያለ ጨውና ያለ ቅመም ቀቅለን፣ በመንገድ ዳር የሚሸጠውን የተቀቀለ እንቁላልና የቆርቆሮ ዓሣም እየጨመርን እንሰጣት ጀመር። ጉበቱ ሲበዛ ቫይታሚን ኤ ከልክ በላይ ስለሚሆን ጥቂት ብቻ ነው የሚሰጠው። ዓሣ የጾም ነው ወይስ የፍስክ ነው የሚለውን የቆየ ክርክር ለሚመለከታቸው ትተናል፤ ድመቲቱ ግን ያለ አንዳች ጥርጥር በላችው። ንጹሕ ውሃ በጣም ያስፈልጋል፤ ወተት የሚሠራው ከውሃ ነውና። ምግቡ ባንድ ሰዓት፣ ባንድ ሥፍራ፣ ባንድ ሰው እጅ ቢቀርብ እንስሳይቱ ቶሎ ትለምዳለች። ሥፍራው ከጎጆው ጥቂት እርምጃ ቢርቅ ይሻላል፤ የምግቡ ሽታ ውሻና ወንዴ ድመት ወደ ግልገሎቹ እንዳይጠራ።

ከምግብ ቀጥሎ የሚያስፈልገው መደበቂያ ነው። ቪንከና ጓደኞቿ በኔዘርላንድስ አገር በዩትሬክት በ2014 ባወጡት ጥናት ወደ ድመት መጠለያ አዲስ ከመጡት መካከል የሚደበቁበት ሣጥን የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው ይልቅ ፈጥነው ከድንጋጤያቸው ተረጋግተዋል። ትምህርቱ ቀላል ነው። የፈራን እንስሳ የሚያረጋጋው መደባበስ ሳይሆን የሚሸሸግበት ጥግ ማግኘቱ ነው። ጠንካራ ካርቶን ወስዶ በጎኑ አንዲት ድመት ብቻ የምታስገባ ቀዳዳ መቁረጥ፣ ደፉን ከፍ ማድረግ (ግልገሎቹ እየዳኹ እንዳይወጡ)፣ ከሥሩ ከሲሚንቶው የሚለየው ጣውላ ማድረግ፣ ከውስጥ አሮጌ ብርድ ልብስ ማንጠፍ ይበቃል። በላዩ ላስቲክ ቢደረግ ጠል አይገባም። ጨርቁ በየጊዜው ይለወጥ እንጂ ሁሉም ባንድ ጊዜ አይለወጥ፤ ግልገሎቹ ጎጆአቸውን የሚያውቁት በሽታው ነውና ከአሮጌው ጨርቅ ቁራጭ መተው ይገባል።

ሣጥኑን ያዘጋጀነው ከማገዶው ቤት አሥር ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው፣ ማንም ከማይወጣበት ደረጃ ሥር ነው። ግልገሎቹን ግን አላነሣንም። ከማደሪያው ዘበኛ ጋር ተነጋገርን፤ «ጋሼ፣ አንድ ሳምንት ብቻ ይታገሡን፤ ራሷ ታወጣቸዋለች» ብለን ለመንናቸው። እርሳቸውም እየሳቁ «ድመት በቀጠሮ ትሄዳለች?» ካሉ በኋላ ፈቀዱ። ምግቧን በየቀኑ ወደ ደረጃው አቅጣጫ ጥቂት በጥቂት እያስጠጋን በመጨረሻ በሣጥኑ አጠገብ አደረግነው። በዘጠነኛው ቀን ሠራተኞች የማገዶውን ክምር ከወዲያኛው ጫፍ ማንሣት በጀመሩበት ምሽት ድመቲቱ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ልጆቿን በሙሉ ወደ ሣጥኑ አመጣች። በማጅራቱ የተንጠለጠለ ግልገል እግሮቹን ሰብስቦ እንደ ሞተ ጸጥ ይላል፤ ይህ የተፈጥሮ ልማድ ባይኖረው በጥርስ መካከል መጓዝ አይችልም ነበር።

ሦስት ጊዜ ብቻ የተመላለሰችው አራተኛው ግልገል ስላልነበረ ነው። ከሁሉ የሚያንሰው እርሱ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ከጎጆው ውጪ በማገዶ መካከል ወድቆ ቀዝቅዞ ተገኘ። በዚህ ጊዜ ማድረግ የሚገባው የታወቀ ነው። ግልገሉን በልብስ ውስጥ ከሰውነት አስጠግቶ፣ ወይም ሕዝቡ «ሃይላንድ» በሚለው የውሃ ጠርሙስ ለብ ያለ ውሃ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ በአጠገቡ በማድረግ፣ ቀስ በቀስ፣ አንድ ሰዓትም ሁለት ሰዓትም ቢፈጅ ማሞቅ ነው። በእሳት ወይም በፍል ውሃ ማቻኮል ይጎዳል። ሳይሞቅም ምግብ አይሰጠውም፤ የቀዘቀዘ ግልገል ሆዱ አይፈጭም፤ ወተቱም ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ሁለት ሰዓት ያህል በጋቢ ውስጥ ከሞቀ በኋላ መጮኽ ስለ ጀመረ እናቲቱ ለመብላት ስትወጣ ወደ ወንድሞቹ መለስነው፤ እርሷም ተመልሳ ላሰችው። ነገር ግን ጡት መያዝ አልቻለም፤ በአምስተኛው ቀን ሞተ። ክብደታቸው ያነሰ ግልገሎች ከሌሎቹ ይልቅ የሚሞቱ መሆናቸው የታወቀ ነው። ነተርና ጓደኞቿ በአሜሪካ በኖርዝ ካሮላይና ባለቤት የሌላቸውን ድመቶች ተከታትለው በ2004 ባወጡት ጥናት 169 ከሚሆኑት ግልገሎች 127ቱ ስድስት ወር ሳይሞላቸው ሞተዋል ወይም ጠፍተዋል። ይህም ከ100 75 ያህል መሆኑ ነው።

እናት በእርግጥ የሌለች ከሆነ ከሁሉ የሚሻለው ሌላ የምታጠባ ድመት መፈለግ ነው፤ ብዙዎቹ የባዕድ ግልገል ይቀበላሉ። ይህ ካልተገኘ ለድመት ግልገል የተሠራውን የዱቄት ወተት ከእንስሳት ሐኪም ጠይቆ ማግኘት ያስፈልጋል። የላም ወተት ፕሮቲኑ ከድመት ወተት ግማሽ ያህል ብቻ ነው፤ ስኳሩም ያስቀምጣቸዋል፤ ተቅማጥ የያዘው ግልገል ደግሞ በአንድ ቀን ውስጥ ደርቆ ሊሞት ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት ሌሊቱን ጨምሮ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ ይመገባል። ሲመገብ በሆዱ ተኝቶ ነው እንጂ እንደ ሰው ሕፃን በጀርባው አይደረግም። ከተመገበም በኋላ እናቱ በምላሷ የምታደርገውን ሰው ለብ ባለ ውሃ በረጠበ ጥጥ እያሸ ማስሸናት አለበት፤ ሦስት ሳምንት እስኪሞላው ድረስ ያለዚህ መሽናት አይችልም። ይህን ሁሉ ፈተና በቀረበበት ሰሞን ለማድረግ የሚነሣሣ ተማሪ አስቀድሞ ራሱን ይመርምር።

ጤናማ ግልገል በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም ይጨምራል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ያደርጋል። ለዚህ የወጥ ቤት ሚዛን በቂ ነው። ዓይኑ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይከፈታል፤ በሦስተኛው ሳምንት እየተንገዳገደ መራመድ ይጀምራል፤ በአራተኛው ለስላሳ ምግብ ይቀምሳል። ቁንጫ የበዛበት ግልገል ደሙ ተመጥጦ ሊሞት ይችላል፤ ሆኖም ለውሻ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒት፣ በተለይም ፐርሜትሪን ያለበት፣ ለድመት መርዝ ነው። ሰው ለራስ ምታት የሚውጠው ፓራሲታሞልም እንዲሁ ድመትን ይገድላል። በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ማጠብ፣ ወዲያው ማድረቅ፣ በማበጠሪያ መልቀም ይሻላል።

ከሁሉ የሚያከራክረው ግልገሎቹን ከሰው ጋር የማስተዋወቂያው ጊዜ ነው። በአሜሪካ በቴምፕል ዩኒቨርሲቲ አይሊን ካርሽ በ1980ዎቹ ባደረገችው ምርመራ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በየቀኑ በሰው እጅ የተያዙ ግልገሎች በኋላ ወደ ሰው ለመቅረብ ፈጣኖች ሲሆኑ፣ በሰባተኛው ሳምንት የጀመሩት ከእነርሱ ያነሱ፣ እስከ 14 ሳምንት ያልተያዙትም ከሁሉ የራቁ ሆነዋል። ለመልመድ የተመቸው ጊዜ ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት መሆኑን ዛሬ ብዙዎች ይስማሙበታል። በአንድ ወገን በመጀመሪያዎቹ ቀናት መንካት እናቲቱን ያሸሻል፤ በሌላው ወገን እስከ ሁለት ወር መታገሥ ግልገሎቹን እንደ እናታቸው ባይተዋር ያደርጋቸዋል። በእኛ አስተያየት ሦስተኛው ሳምንት እስኪሞላ መታገሥ፣ ከዚያም እናት ለምግብ በወጣች ጊዜ በቀን ጥቂት ደቂቃ እየያዙ እያደር መጨመር የተሻለ ነው። የተለያዩ ሰዎች ቢይዟቸው ይጠቅማል፤ አንድ ሰው ብቻ የለመደ ግልገል ሌላውን ይፈራልና።

እናቲቱን ራሷን ለማልመድ መሞከር ግን ሌላ ነገር ነው። አጠገቧ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ፣ ፊት ለፊት ሳያፈጡ፣ እጅ ሳይዘረጉ መቆየት ይቻላል። የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 እንደገለጡት ሰው ዓይኑን ቀስ አድርጎ ጨፈን ከፈት ሲያደርግ ድመቶችም እንዲሁ አድርገው ይመልሳሉ፤ እንዲህ ወዳደረገው እንግዳ ሰውም ይቀርባሉ። የእኛዪቱ ከአንድ ወር በኋላ በሁለት ሜትር ርቀት ሰው ተቀምጦ ሳለ መብላት ጀምራለች። ከዚህ የበለጠ ከእርሷ አልጠየቅንም፤ ጎልማሳ ሆና ሰውን ያላወቀች ድመት የቤት እንድትሆን ማስገደድ ለእርሷ እስራት እንጂ ምቾት አይደለም ብለን እናምናለን።

ስለ ድመት የሚነሣ አንድ ሌላ የጤና ፍርሃት አለ፤ ቶክሶፕላስማ የተባለው ተሕዋስ ነው። በ1908 በቱኒስ ተገኘ፤ እንቁላሉ በድመት ዓይነምድር እንደሚወጣ የታወቀው ግን በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ሰው በልጅነቱ ካልተያዘ፣ በእርግዝና ጊዜ የሚይዛት ሴት ፅንሷ ሊጎዳ ይችላል። ነገር ግን እንቁላሉ በዓይነምድሩ ውስጥ በሽታ ለማስያዝ የሚችለው ከ1 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ነው። ስለዚህ አሸዋው በየቀኑ ቢነሣ፣ የሚያነሣውም ነፍሰ ጡር ያልሆነ ሰው ቢሆንና እጁን ቢታጠብ አደጋው በጣም ይቀንሳል። ይኸው ተሕዋስ በጥሬና በደንብ ባልበሰለ ሥጋ፣ ባልታጠበ አትክልትም ይገባል፤ ጥሬ ሥጋ እየበሉ ድመትን ብቻ መፍራት ሚዛናዊ አይመስለንም።

የቀረው የወደፊቱ ነገር ነው። ድመት ገና እያጠባች ሳለ ልታረግዝ ትችላለች። ድመቶች ለመራባት የሚነሣሡት በቀኑ ርዝመት ነው፤ በእኛ አገር ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ ብዙ ስለማይለያዩ የመውለጃ ወራት የሚገድባቸው የለም። ሴቷ ግልገል በአራትና በስድስት ወር መካከል ለእርግዝና ትደርሳለች። እንግዲህ አንዲት እናት አብልቶ ሦስት ግልገሎች ማሳደግ ብቻውን ሲታይ የሚመጣውን ዓመት ችግር መመገብ ነው፤ ዘበኛው «የሚበዙት እናንተ ስለምታበሏቸው ነው» ያሉት ስሕተት አልነበረም። መድኃኒቱ ግልገሎቹ ስምንት ሳምንት ሲሞላቸውና ጡት ሲተዉ ለሚያሳድጓቸው ሰዎች መስጠት፣ እናቲቱንም በወጥመድ ሣጥን ይዞ ማኮላሸት ነው። የእንስሳት ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ኮሌጅ በቢሾፍቱ ከ1979 ጀምሮ ስላለ ይህን ቀዶ ጥገና የሚያውቅ ሐኪም ማግኘት እንደ ድሮው አያስቸግርም። ሐኪሙ ከተኮላሸች ድመት አንዱን ጆሮ ጫፉን በጥቂቱ ይቆርጣል፤ በሌላ ጊዜ ብትያዝ ሁለተኛ እንዳትታረድ ከሩቅ የምትታወቅበት ምልክት ነው።

ሁለት ግልገሎች በጥር መጨረሻ ለአስተማሪዎች ቤት ተሰጥተዋል፤ አንዷ አይጥ በበዛበት ወጥ ቤት ከእትዬ ጋር ቀርታለች። እናቲቱን ለመያዝ ምግቧን በለመደችው ሰዓት በወጥመዱ ሣጥን ደፍ ላይ፣ መዝጊያው ታስሮ ሳይወርድ፣ እያስቀመጥን ወደ ውስጥ እናስጠጋለን። ከሐኪሙ ጋር ቀን ሲቆረጥም ባለፈው ምሽት ምግብ አይሰጣትም፤ ሲራባት ወደ ሣጥኑ ትገባለች፤ ለማደንዘዣውም ሆዷ ባዶ መሆን አለበት። እንደ ተያዘች ሣጥኑን በጨርቅ መሸፈን ያስፈልጋል፤ ጨለማ ሲሆንባት መታገሏን ትተዋለችና።